የልጅቷ ግራ እጅ

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ፣ ሳን ሆዜ፣ ልቅሶ ቤት ውስጥ ነው። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወንዱን ሁሉ በየተራ ምን እንደሚሠራ ይጠይቃሉ። አንዱ ሆስፒታል፣ አንዱ የሶፍትዌር ኩባንያ እንደሚሠራ፣ ሌላው የራሱ ትራክ እንዳለው ተናገረ። ተራው ሲደርሰኝ ኳስ መምታት አስተምራለሁ አልኩ። ኳስ መጫወት ማለቴ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለም፣ መምታት ብቻ አልኳቸው።

እግሬን አዩ፤ ፊቴን አዩ። «ለርግጫማ በቅሎ መቼ አነሰች» አሉ።

ልቅሶ ቤት መሆኑ ተረስቶ ያ ሁሉ ሰው ሳቀ። እኔም ከጥርሴ ሳቅኩ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እዚያው መመለስ የነበረብኝን መልስ ሁሉ ለራሴ ስመልስ ኦክላንድ ገባሁ። እንዲህ ነኝ። ቁጣዬ ሁልጊዜ አርፍዶ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ነው።

«ርግጫ» ያሉት ነገር ነው እኔን ያሳደገኝ። በዘጠኝ ዓመቴ ከአዲስ አበባ ወጥተን ሜልበርን በስተ ምዕራብ ስንሰፍር፣ የሰፈሩ ልጆች የሚጫወቱት ኳስ እኔ የማውቀው አልነበረም። ሜዳው ሞላላ፣ ኳሷም ሞላላ፤ በአንድ ወገን አሥራ ስምንት ሰው ይሰለፋል። በእጅ መያዝ ይፈቀዳል፣ መወርወር ግን ክልክል ነው። ለጓደኛህ ማድረስ ከፈለግክ ወይ በቡጢ ትመታታለህ፣ ወይ እየሮጥክ ከእጅህ ወደ እግርህ ለቀህ ትጠልዛታለህ። ጠልዞ ሃምሳ ሜትር ርቆ የሚሮጥ ሰው ደረት ላይ ማሳረፍ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። እኔ እዚያ ላይ ጎበዝ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ለክለብ ተጫወትኩ። ከላይኛው ሊግ አንድ ደረጃ ሲቀረኝ የጉልበቴ ጅማት ለሁለተኛ ጊዜ ተቀደደ፤ ሐኪሙም በቃህ አለኝ። አልዋሽም፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት።

ባለቤቴ የኦክላንድ ሰው ናት። እሷን ተከትዬ መጣሁና ዳውንታውን አንድ የቢሮ ሕንፃ መግቢያ ላይ ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ እሑድ እዚያ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የአሜሪካኖቹን ፉትቦል ሳይ፣ አንድ ቀጭን ሰው ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን ወደ ኋላ ቆመ። ቡድኑ ወደፊት መግፋት ሲያቅተው ኳሷን በተቻለ መጠን አርቆ የሚጠልዝ፣ ሥራው ያ ብቻ የሆነ ሰው ነው፤ ፓንተር ይሉታል። ከእጁ ለቀቀ፣ መታ። እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ። አለቃቀቁ ዘመም ያለ ነበር። እኔ በአሥራ ሦስት ዓመቴ እንዲያ ብለቅ አሠልጣኜ ሜዳውን አሥር ጊዜ ያስዞረኝ ነበር።

ትክክለኛውን አለቃቀቅ ለሰፈሩ ልጆች ማሳየት ጀመርኩ፤ እንዲህ ነው አስተማሪ የሆንኩት። ከኦክላንድ ማዶ ባለችው ደሴት፣ አላሜዳ ላይ፣ ድሮ የባሕር ኃይል ሰፈር ከነበረው ቦታ አጠገብ፣ ነፋስ የማይለየው ሜዳ አለ። ሌላው ሰው ነፋሱን ይሸሻል፤ እኔ ለእሱ ስል ነው የመረጥኩት። ከነፋስ ጋር የተማረ እግር ነፋስ በሌለበት አያፍርም። በዚያን ጊዜ፣ ካስተማርኳቸው ልጆች አራቱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እየተጫወቱ ነበር። ኩራት ነውር ነው ብለው ያሳደጉኝ ወላጆቼ ይቅር ይበሉኝና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቴሌቪዥን ከፍቼ ከእነሱ አንዱ ኳሷን ሲለቅ፣ እጁን ሳይ የራሴን ፊርማ ያየሁ ያህል ነበር የምኮራው።

ከልቅሶው ሁለት ወር በኋላ ስልኬ ጮኸ። «ያ የርግጫ መምህር አንተ ነህ?» አሉ። ድምፃቸውን ወዲያው አወቅኩት። ልዘጋው ነበር፤ ግን የሽማግሌ ስልክ አይዘጋም።

ከኦክላንድ ወጣ ብላ ባለችው ዳብሊን የሚኖሩት ከልጃቸውና ከልጅ ልጃቸው ጋር ነው። የልጅ ልጃቸው አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤቷ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተቀንሳለች፤ ሩጫዋ አዝጋሚ ነው ተብላ። እግሯ ግን ብርቱ ነው። የአሜሪካን ፉትቦሉ ቡድን ፓንተር ትምህርቱን ጨርሶ ሄዷል፤ በነሐሴ መጀመሪያ ፈተና ይኖራል፣ ለሚፈልግ ሁሉ ክፍት ነው። ነርስ የሆነችው እናቷ ቁርጡን ተናግራለች፦ ከተመረጠች ትጫወት፣ ካልተመረጠች ኳስ የሚባል ነገር እዚያው ላይ ያበቃል። በመጨረሻም ሽማግሌው፣ ልጅቷ ከቡድኑ ከተቀነሰች ወዲህ ክፍሏ ገብታ በር እንደምትዘጋ፣ ይህ ወሬ ከመጣ በኋላ ግን በሩ ተከፍቶ እንደሚውል ነገሩኝ። የደወሉት ለዚያ በር ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በባቡር ይመጣሉ። ሽማግሌው ፍሪዌይ ላይ አይነዱም። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት መጥተው የቀሩ መሐንዲስ ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ድልድይ ሲመረምሩ ኖረዋል። ድልድዮቹን ስለማውቃቸው ነው የማልነዳው ይላሉ። ኦክላንድ ጣቢያ እቀበላቸውና በውሃው ሥር በሚያልፈው መንገድ አላሜዳ እንሻገራለን፤ ወደ ብርሃን እስክንወጣ ድረስ የበሩን መያዣ አይለቁም። ሜዳው ዳር ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ከዘራቸውን አስደግፈው፣ ጋዜጣ ይገልጣሉ። ሞላላዋን ኳስ መጀመሪያ ያዩ ቀን፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለካ ይኼ ኖሯል» ብለው በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

ልጅቷ ረዥም፣ ዝምተኛ ናት። አማርኛ ሳናግራት ሁሉንም ትሰማለች፤ መልሱ በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያውን ኳስ ስትመታ ድምፁን ሰማሁና ጀርባዬን ነዘረኝ። ጥሩ ምት ድምፅ አለው፤ ከባድ በር ሲዘጋ እንደሚሰማው ዓይነት። እንደዚህ ያለ እግር በአሥር ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው። ኳሷ ግን ወደ ጎን ሄዳ አጥሩን አልፋ ወደቀች። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም እንዲሁ።

ችግሩን ለማየት ጊዜ አልፈጀብኝም። ኳስ በቀኝ እጅ ነው የምትለቀቀው፤ ግራው በዚያች ቅጽበት ወደ ውጪ ተዘርግቶ ሰውነትን ማመጣጠን አለበት። የልጅቷ ግራ እጅ ግን አይሄድም። ቀኝ እጇ ኳሷን ሲያቀርብ ግራው መጥቶ ቀኝ ክርኗን ይደግፋል፤ ትንሽም ጎንበስ ትላለች። ለታላቅ ሰው ብርጭቆ ውሃ እንደሚሰጥ ጨዋ ልጅ፣ ኳሷን ለእግሯ በአክብሮት ታቀብላለች። ትከሻዋ ይቆለፋል፣ ኳሷ ትዘማለች። በዚህ ሁሉ ዘመኔ ይህን ጥፋት ያየሁት ሌላ አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሜልበርኑ አሠልጣኜ፣ ጡረታ የወጣ የወደብ ሠራተኛ፣ እጄ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አልጠየቀኝም። በእረፍት ሰዓት አራት ቦታ የተቆረጠ ብርቱካን ይታደለን ነበርና አንዷን ቁራጭ በግራ እጄ አስጨብጦ፣ ቀኝህ ኳሷን ሲለቅ ይህችን ወደ ኋላ ወርውር አለኝ። እጅ ሥራ ካልተሰጠው ወደ ለመደው ይመለሳል ማለቱ ነው። ያን ክረምት ስንት ብርቱካን እንደወረወርኩ አላውቅም፤ ዳንኩ።

እኔም ብርቱካን ገዝቼ፣ ቆርጬ መጣሁ። ልጅቷ ሦስት ያህል ወርውራለች፤ ዞር ስል ሽማግሌው በከዘራቸው እየተመረኮዙ ሣሩ ውስጥ ቁራጩን በፌስታል ይለቅማሉ። እህል ተጥሎ የሚለመድ ኳስ አላውቅም፣ የሚበላው ያጣ ሰው እዚያ ድልድይ ሥር ተኝቷል አሉኝ። በቴኒስ ኳስ ቀየርኩት። ለአንድ ምት ሠራ፤ ከዚያ እጁ ተመልሶ ክርኗ ላይ ተለጠፈ።

ቀስ ብዬ ሳስተውል አንድ ነገር ገባኝ። ሽማግሌው ጋዜጣ ሲያነቡ እጇ ይላቀቃል። ቀና ብለው ሲያዩዋት ይመለሳል። ብጠይቃት ፈገግ ብላ፣ በእንግሊዝኛ፣ አባባ ሲያዩኝ ለእሳቸው አንድ ነገር የማቀብል ይመስለኛል አለችኝ። ቤት ውስጥ የቴሌቪዥን ሪሞት እንኳ በአንድ እጅ ከተሰጣቸው አይቀበሉም።

እዚህ ላይ ነው እኔ የተሳሳትኩት። ፈተናው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ትዕግሥቴም አልቋል። እሳቸው እየሰሙ፣ ጮክ ብዬ፣ «ይኼን የማቀበል ነገር ተዪው፤ እዚህ ሜዳ ላይ አጉል ልማድ ነው» አልኳት። ጋዜጣው ዝቅ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ከጣቢያው እንደተቀበልኳቸው፣ ነፋሱ እንዳይጎዳቸው ከሜዳው ማዶ ያለው ካፌ ውስጥ ቢቀመጡ እንደሚሻል በትሕትና ነገርኳቸው።

«ነፋሱ ነው ወይስ እኔ?» አሉ።

ነፋሱ ነው አልኳቸው። ውሸቴ ገባቸው። ወንበራቸውን ራሳቸው አጥፈው ሄዱ። ላግዛቸው እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጅቷ ተሻሻለች ብል ደስ ይለኝ ነበር። ባሰባት። እጇ አንዴ ክርኗ ላይ፣ አንዴ ኪሷ አጠገብ፣ አንዴ አየር ላይ፤ የሚሄድበት ጠፋው። ኳሷን ከመልቀቋ በፊት ባዶውን የወንበር ቦታ ታያለች። የሁለተኛው ቅዳሜ መጨረሻ ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ «ኮች፣ ሜይቢ እማዬ ኢዝ ራይት» አለችኝ፤ እማዬ ልክ ናት፣ ኳስ ይቅርብኝ ማለቷ ነው። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ስነግራት አላዘነችልኝም። ያሳደጋትን እጅ አጉል ብለህ ሰድበህ ልጅቷ እንድትበር ጠበቅክ ወይ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልጅቷን ሜዳው ላይ ሰውነቷን እንድታፍታታ ትቻት ካፌው ገባሁ። ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ቡናቸው ሳይነካ ቀዝቅዟል። ቁሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ነፋሱ እንዳልነበር፣ ልማዱንም አጉል ማለት እንዳልነበረብኝ፣ እኔም በዚያው ልማድ እንዳደግኩ ነገርኳቸው።

ቁጭ በል አላሉኝም። «ግራ እጇ ለምን መሄድ እንዳለበት ንገረኝ» አሉ።

ያን ሁሉ ዓመት ሠርቼው፣ አስተምሬውም፣ ለምን እንደሆነ በአማርኛ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሰው ሁሉ ሊሳለቅብኝ የተዘጋጀ ስለሚመስለኝ ሥራዬን የጠየቀኝን ሁሉ በአንድ ቃል ነበር የማሰናብተው። ስለዚህ በቃል ትቼ አሳየኋቸው። ካፌው መሐል በአንድ እግሬ ቆምኩ፤ ሌላውን ወደፊት ሰደድኩ፤ ግራዬን ዘረጋሁ። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ማስቲካ ማኘኳን አቆመች።

ሽማግሌው ተነሡ። ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋድመው፣ ባርኔጣቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው፣ ግራቸውን ክርናቸው ላይ አድርገው፣ አንድ እግራቸውን አነሡ። ወዲያው ዘመሙ። ከኋላ በሁለት እጄ ያዝኳቸው። እንደገና አሉኝ። እንደገና ቆሙ፤ አሁን ግራቸውን ወደ ጎን ዘረጉት። ተንቀጠቀጡ እንጂ አልዘመሙም። እዚያው በአንድ እግር ቆመው ፊታቸው በራ።

«ተቃራኒ ክብደት ነው» አሉ። «ይኼማ ድልድይ ነው። አንዱ ወገን ሲወጣ ሌላው ካልተዘረጋ ይፈርሳል።»

ተቀምጠው ቀዝቃዛውን ቡና በአንድ ጊዜ ጠጡት። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ይኼን መጀመሪያ ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሳትነግረኝ ነው እኮ ያባረርከኝ» አሉኝ። ርግጫ ያሉኝን እያሰብኩ ነበር ብዬ ላመካኝ አልኩና ተውኩት። እሳቸው አንድ ቃል ነው የተናገሩት፤ እኔ ሁለት ቅዳሜ ቀምቻቸዋለሁ።

ወንበሩን እኔ ተሸክሜ ተመለስን። ልጅቷ ስታያቸው ትከሻዋ ወረደ፤ ያለ እሳቸው ስትተነፍስ እንዳልነበር ያኔ ነው ያወቅኩት። አልተቀመጡም። አጠገቧ ሄደው ቆሙና ግራ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ስሚኝ፣ የእኔ ልጅ» አሏት። «ለሰው በሁለት እጅ ነው የሚሰጠው። ኳሷ ግን ሰው አይደለችም፣ አትቀየምም። በአንድ እጅ ልቀቂያት። እኔ ነኝ ያልኩሽ።»

«ፕሮሚስ?» አለች፣ ቃል እንዲገቡላት።

«ፕሮሚስ» አሉ፤ ቃሉ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ሁለታችንም ሳቅን። ልጅቷ ኳሷን አነሣች፣ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ለቀቀች። ግራ እጇ ተዘረጋ። ያን የከባድ በር ድምፅ ሰማሁ፤ ኳሷ ከባሕሩ የሚመጣውን ነፋስ ሰንጥቃ፣ ቀጥ ብላ ወጥታ፣ ለመውረድ እያመነታች ሄደች። እኔ ከአሥራ አንድ ዓመት ጨዋታዬ ይልቅ የኮራሁባት ደቂቃ ያቺ ናት። ተደብቄ ዓይኔን ጠረግኩ፤ ነፋሱ ነው እንዳልል ያን ሰበብ አቃጥዬዋለሁ።

ፈተናው ዳብሊን፣ በትምህርት ቤቷ ሜዳ ላይ ነበር። ለአንዲቱ ቦታ የመጡት ሁለት ናቸው፤ እሷና ከእሷ እጥፍ የሚሆን ትከሻ ያለው ልጅ። አሠልጣኙ ለእያንዳንዳቸው አምስት ምት ሰጣቸው፤ ሁለቱን ረዳቶቹን ርቀትና አቅጣጫ እንዲጽፉ አቆመ። እናቷ ከሌሊት ፈረቃዋ በቀጥታ መጥታ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች አጥሩን ይዛ ቆማለች። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ፣ እኔ ከጎናቸው። ከአጥሩ ውጪ ያለ ሰው እንዳይናገር ተነግሮናል።

ልጁ አምስቱንም መታ፤ ሦስቱ ሩቅ ሄዱ፣ ሁለቱ ከመስመር ወጡ። እሷ ገባች። ከመጀመሪያው ምት በፊት እናቷን አየች። አየኋት ስታይ፤ ልቤም አወቀው። ግራ እጇ መጥቶ ክርኗ ላይ አረፈ። ኳሷ ወደ ጎን ሄዳ የመሮጫው መም ላይ ነጠረች። ከተሰለፉት ልጆች አንዱ አፉን ሸፍኖ ሳቀ።

ልጮህ ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ያዝኩት። ያኔ ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ግራ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። ዝም ብለው ዘርግተው ያዙት፣ አላወረዱትም። ልጅቷ አየች።

ሁለተኛው ምት ቀጥ ብሎ ሄደ። ሦስተኛው ከልጁ ረጅም ምት አለፈ። በአራተኛው የሳቀው ልጅ እጁን ከአፉ አወረደ። አምስተኛውን ስትመታ ረዳቶቹ ወደ ኋላ እየሮጡ ነበር የሚያዩት። ሽማግሌው እጃቸውን ያወረዱት ኳሷ መሬት ከነካች በኋላ ነው።

አሠልጣኙ ወረቀቱን ከረዳቶቹ ተቀብሎ አየና ልጅቷን ጨበጣት። ሰኞ ልምምድ እንድትመጣ ነገራት። ከዚያ እንዲያ መልቀቅ ማን እንዳስተማራት ጠየቃት፤ በአጥሩ በኩል በእጇ አሳየች። በእኔና በአያቷ መካከል ነበር የጠቆመችው፤ ሁለታችንንም ይሁን አንዳችንን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። እናቷ መጥታ አቀፈቻት፤ ለረዥም ጊዜ አልለቀቀቻትም።

ኳሷ የእኔ ነበረች፣ ከአላሜዳ ይዘናት የመጣናት አሮጌ የልምምድ ኳስ። ልጅቷ አምጥታ አያቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠቻት። ሽማግሌው መሐረባቸውን አውጥተው ጭቃዋን ጠረጉ፤ ቀስ ብለው፣ ስፌቷን ሳይቀር። ከዚያ ያለ ከዘራቸው ተነሡና ወደ እኔ ዞሩ። ኳሷን በቀኝ እጃቸው ያዙ፤ ግራቸውን አምጥተው ቀኝ ክርናቸውን ደገፉ፤ ያ ሽማግሌ፣ ልጃቸው ልሆን የምችል ሰው ፊት፣ ትንሽ ጎንበስ አሉ።

«እንካ፣ መምህር» አሉኝ።

ታላቅ ለታናሽ እንዲህ አድርጎ ሲሰጥ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ከእሳቸው ዝቅ ማለት ነበረብኝና ዝቅ አልኩ፤ የተቀደደው ጉልበቴ ሰው እስኪሰማው ድረስ ተንቋቋ። ኳሷን በሁለት እጄ ተቀበልኩ።